በጎኗ የተኛችው ሴይቼንቶ

መኪናዋን በጎኗ ያስተኛናት ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውን መናገር አለብኝ መሰለኝ። አባታችን ሲሞት የተወልን አንዲት አሮጌ ሴይቼንቶ ነበረች። ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ክብ ዓይን ያላት ትንሽ የጣሊያን መኪና ናት። በእሱ ጊዜ ታክሲ ነበረች። እሱ ከሄደ በኋላ ጉለሌ ግቢያችን ውስጥ ከቆርቆሮው አጥር ሥር ቆመች። ክረምት ሲመጣ ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ በግቢያችን ነው የሚያልፈው፤ እሷም እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ትከርማለች። ታላቅ ወንድሜ ሊያስነሣት ሁለት ዓመት ለፋ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በጎጃም መንገድ ይመላለሳል። እረፍት ባገኘ ቁጥር ከሥሯ ነው የምታገኘው። ከእኔ በዘጠኝ ዓመት ይበልጣል።

ይበልጣል ብዬ ጻፍኩ። እንዲሁ ልተወው።

ያን ቅዳሜ ሞተሯ ተነሥቶ ነበር፤ በሮቿ ይዘጋሉ፤ መብራቷ ይበራል። የቀረው ሆዷ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ከሥር በኩል ዝገት የሚከላከል ነገር መቀባት አለባት። መኪና ከሥር የሚታይበት ጉድጓድ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ የለም። ስለዚህ ወንድሜ አንድ ዘዴ አመጣ። ባትሪዋን አወጣን፤ ቤንዚኗንና ዘይቷን ቀዳን። ከጎሚስታው አሮጌ ጎማዎች ለምነን ደረደርን፤ በላያቸው የድሮ ፍራሽ አነጠፍን። ከዚያ የሰፈር ልጆች ጠርተን አምስት ሆነን ከአንድ ወገን አነሣናት። ቀስ ብላ ዘንበል አለች። ለአፍታ በሁለት ጎማ ቆመች፤ ከዚያ ፍራሹ ላይ እንደደከመው ሰው ጋደም አለች።

ጎረቤታችን ሽማግሌ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ያዩናል። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ የሰፈራችን እድር ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው።

«ምነው፣ አመማት?» አሉ።

«ልትወልድ ነው ጋሼ» አለ ወንድሜ።

«እንግዲያው ምን ትጠብቃላችሁ? ገንፎ አታገነፉም?»

የመኪናን ሆድ ቆሞ ማየት እንግዳ ነገር ነው። ዕድሜውን ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ የኖረ ነገር ድንገት ፊት ለፊትህ ቆሞ ፀሐይ ያርፍበታል። እዚያ ቆሜ ለረጅም ጊዜ አየኋት። የባሕር ዛፍ ቅጠል በንፋስ መጥቶ ብረቷ ላይ ተለጠፈ። ወንድሜም አልነካውም።

ከዚያ በፊት ከሥሯ በጀርባችን እየተኛን ከሆዷ ላይ የአባታችንን ካትራሜ ለመፋቅ ብዙ ቅዳሜ ፈጅቶብናል። ካትራሜ ያው ለጣራና ለመንገድ የሚሆነው ጥቁሩ ነገር ነው። አባታችን በየግንቦቱ በጣሳ አፍልቶ ይቀባት ነበር። እኔ ስድስት ዓመቴ ይሆናል፤ ከጎኑ ቁጢጥ ብዬ አያለሁ። ከጣሳው በሚወጣው ትኩሳት ውስጥ አጥሩም፣ ዛፉም፣ የአባቴ ፊትም ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። ሽታው እስከዛሬ ደስ ይለኛል። መንገድ ሲሠሩ ሳይ እቆማለሁ።

ወንድሜ ግን ካትራሜውን ሲፍቅ ሌላ ነገር ነው ያገኘው። የካቻቪቴውን እጀታ ይዞ ላሜራዋን ያንኳኳል። ደህና የሆነው ቦታ ቲን ይላል። የበሰበሰው ዱፍ ይላል። ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ዱፍ አለ። እዚያ ላይ ካትራሜው ሲነሣ ላሜራው አብሮት መጣ፤ ቡናማ፣ ስስ፣ እንደ ደረቀ ቅጠል በጣት የሚፈረፈር። በቀዳዳው እጁን አስገብቶ የመቀመጫውን ምንጣፍ ነካ።

ያን ቅዳሜ የብየዳ ማሽን ተውሶ መጣና ቀዳዳውን በአዲስ ላሜራ ጠገነው። ሥራው ቀስ ያለ ነው። ትንሽ ይበይዳል፣ ይቆማል፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል፣ ከዚያ በሌላው ጥግ ይጀምራል። ሲጨርስ በአዲሱ ላሜራ ዙሪያ የብየዳው ጠብታ ተራ በተራ ተደርድሮ ቀረ፤ እናታችን የብርድ ልብስ ጠርዝ ስትሰፋ የምትጥለው ስፌት ይመስላል። በጣቴ ስነካው ገና ይሞቅ ነበር። ከዚያ ሙሉውን ሆዷን በሳሙናና በውሃ አጠብናት።

ከዚያ በምን እንቀባት የሚለው ላይ ተጣላን።

«ካትራሜ ይሁን» አልኩት።

«አይሆንም።»

«አባባ ስንት ዓመት ቀባት።»

«ምን እንደሆነችም አይተሃል።»

«በደንብ ስላልፋቀው ነው። እኛ ፍቀነዋል፣ አጥበነዋል...»

«ስማ። ካትራሜ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። ውሃው በስንጥቁ ይገባል፤ አንዴ ከገባ መውጫ የለውም። አንተ ስታየው ጥቁር ነው፣ ያምራል። ውስጥ ውስጡን ግን እየበላት ነው።»

የእሱ ሐሳብ ሰም ነው። የንብ ሰም ከሞተር ዘይት ጋር በፈላ ውሃ ላይ አቅልጦ ሲሞቅ መቀባት። ከአንድ የድሮ መካኒክ ነው የተማረው። ስስ ነው፣ ብረቱ በውስጡ ይታያል፣ በየመጋጠሚያው ይሰርጋል። የሱቅ ስፕሬይም አለ፣ ግን እሱንም ከካትራሜ ለይቶ አያየውም፤ ያው መሸፈኛ ነው ይላል።

«የአንተ ሰም ከአንድ ክረምት አያልፍም» አልኩት።

«አያልፍም። በየዓመቱ እንቀባታለን። ስንቀባት ደግሞ እናያታለን።»

«ዕድሜ ልካችንን መኪና ስንቀባ ልንኖር ነው?»

«ሌላ ምን ሥራ አለህ ኢንጂነር?»

ኢንጂነር የሚለኝ ለማሾፍ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር።

ጋሼ ይህን ሰምተው ወንበራቸውን ይዘው ወደ ግቢያችን ገቡ።

«ሰም? ጧፍ ልታበራባት ነው ወይስ ልትነዳት?»

«ልነዳት ነው ጋሼ።»

«ታመነኩሳታለህ እንጂ! እኔ የነዳሁት ተሳቢ ስንት ዘመን ካትራሜ ነው የተቀባው። እስከዛሬ አለ።»

«የት ነው ያለው?»

ጋሼ ወንበራቸውን ማመቻቸት ያዙ። «እሱን ተወው» አሉ። ወንድሜ ሳቁን መያዝ አልቻለም፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የመኪናዋን ሆድ ተደግፎ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ወጠጤ፣ እኔና አንተ ሁለት ነን፤ እሱ ብቻውን ነው» አሉኝ።

ሲመሽ ዕቃ እየሰበሰብን ሳለ ወንድሜ ድንገት «በቃ አንተ ምረጥ» አለኝ።

«ምኑን?»

«የምንቀባትን። እስከዛሬ ሁሉንም እኔ ነኝ የመረጥኩት።»

«የምርህን ነው?»

«የምሬን ነው። ካትራሜም ካልክ ካትራሜ። ግን እስከ ማክሰኞ እንዳትነካት። ብየዳው ዙሪያ ውሃ ገብቷል፤ ይድረቅ። ማክሰኞ እመጣለሁ፤ የመረጥከውን አብረን እንቀባታለን።»

እሺ አልኩት። ማታ ፓስታ በላን። እናታችን እጁ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል ብላ ሁለት ጊዜ አስታጠበችው። እሑድ ገና ሳይነጋ ሲወጣ እርምጃውን ሰማሁ። ቁልፉን ሲፈልግ፣ ሲያገኘው፣ በሩን እንዳይጮህ ትንሽ ከፍ አድርጎ ሲስበው። ብርድ ልብሱ ሞቆኝ ነበር። አልተነሣሁም።

*

እሑድን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። እኔ የኖርኩት እሑድ አለ፤ ሌላው ሰው የኖረው እሑድ አለ።

የሌላውን ልንገር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ የወንድሜ መኪና ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። መንገዱ ረጥቦ ነበር አሉ። ከረዳቱ በቀር ማንም አልነበረም፤ ረዳቱ ተርፏል፣ ወንድሜ እዚያው አረፈ። ወሬው ከእኩለ ቀን በፊት ሰፈራችን ደረሰ። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ግን ጎህ ሲቀድ ነው። አስከሬኑ እስኪመጣ፣ ድንኳኑ እስኪዘጋጅ፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይጠበቃል፤ ባለሐዘኑም አንድ ሌሊት ተኝቶ ይነሣ ይባላል። እስከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የማያውቀው ባለሐዘኑ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ የእኔን።

ስነሣ ፀሐይ ወጥታ ነበር። እናታችን ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። መኪናዋ በጎኗ እንደተኛች ነው፤ ሆዷን በመዳፌ ዳበስኳት፣ ደርቃለች። ደርቃለች ነው ያልኩት። ብየዳው ዙሪያ ጣቴን አላስገባሁም። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ወንድሜ ሲመለስ ጨርሼ ብጠብቀውስ? ጥቁር፣ ወጥ የሆነ፣ እንደ አባባ ጊዜ። ይናደዳል፣ እንከራከራለን፣ በኋላ አንጓጥጦ «ደህና ነው» ይላል። ይህን «ደህና ነው» ፈለግሁት። በሕይወቴ ከእሱ ሳልጠይቅ የሠራሁት ነገር ስላልነበረ ይሆናል።

ከቀትር በኋላ አዲሱ ገበያ ወረድኩ። ቀለምና ምስማር የሚሸጡ ደንበኛችን አሉ፤ ሐጂ ነው የምንላቸው። በሩ ላይ ካዩኝ ጀምሮ ነው ወትሮ የሚያሾፉብኝ፤ «ያቺ ጥንዚዛችሁ ገና ትተነፍሳለች? ሸጣችሁ አህያ ግዙ፤ እሷስ አትዝግም» ይሉኛል። ያን ቀን ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ካትራሜ ፈልጌ ነው ሐጂ» አልኩ።

ቆመው ቀሩ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። «ወንድምህ ሰም አስመጣልኝ ብሎኝ ነው። የጎጃም ሰም ነው፣ ንጹሕ ነው።»

«ሐሳብ ቀይረናል። ምርጫው የእኔ ሆኗል።»

«ይሁን። ሁለቱንም ያዝ።»

የካትራሜውን ጣሳ ክዳን በፌስታል አሰሩት፤ በሲባጎ ደግመው አጠበቁት። ከዚያ ሱቁን ለማንም ሳይተዉ ጣሳውን ራሳቸው ተሸክመው ታክሲ ድረስ ሸኙኝ። እግሬ ሥር አስቀመጡልኝ። ሹፌሩን «ቀስ ብለህ ንዳ» አሉት። ሐጂ ዛሬ ምን ሆኑ ብዬ በመስኮት ስዞር እዚያው ቆመው ነበር፤ እጃቸው ጥቁር ሆኖ፣ ከልብሳቸው አርቀው ይዘውት።

ሰፈር ስደርስ ኳስ የሚጫወት ልጅ የለም። ኮብልስቶኑ ባዶ ነው። ደመና ከእንጦጦ ላይ ወርዶ ጣሪያው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። አንዲት ጎረቤት በሩቅ አይታኝ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ አንድ ነገር ረስታ ነው ብዬ አሰብኩ። ጋሼ በራችን ላይ ቆመዋል።

«እማማ የለችም?» አልኳቸው።

«እኛ ቤት ናት። ባለቤቴ ይዛታለች፤ ሲጫወቱ ይዋሉ።» ከዚያ «ስልክህን እስቲ ስጠኝ፤ የእኔ ባትሪ የለውም» አሉ። ሰጠኋቸው። ለወንድሜ ጠዋት ደውዬ ስልኩ አልሠራም ነበር፤ የጎጃም መንገዱ በረሃ ውስጥ ሲገባ ሁሌም አይሠራም። ስልኬን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሲደውሉበት አላየሁም።

ካትራሜውን አፈላሁ። ሰንበት ነው። ጋሼ በሰንበት መዶሻ ከተሰማ አጥር ዘለው የሚመጡ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ቀለም ድምፅ የለውም ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ። ወንበራቸውን ይዘው መጡ፤ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ሰንበት ነው አይሉኝም?»

«ሥራህን ሥራ ልጄ።»

ልጄ ብለውኝ አያውቁም።

«ካትራሜ ነው የመረጥኩት። የእርስዎን። አሸነፍን።»

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። መሬት መሬት እያዩ ቆዩና «ወንድምህ ያለውን ብታደርግ ይሻላል» አሉ።

«ምን ነካዎት? ትናንት ታመነኩሳታለህ ሲሉት አልነበር?»

«ትናንት ብዬ ነበር።»

«እና?»

«የእሱ ይሻላል። ሰሙ ይሻላል።»

ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። ጋሼ ተሸነፉ! ማክሰኞ ለወንድሜ የምነግረው ነገር አገኘሁ። እንዴት እንደምነግረው ሳይቀር አዘጋጀሁ፤ ድምፃቸውን አስመስዬ «ሰሙ ይሻላል» ስለው እንዴት እንደሚስቅ አየሁት። ግን እልህም ያዘኝ። ሁሉም ሰው ለስላሳ ሆኖብኛል፤ የሚከራከረኝ አጣሁ። ካትራሜ ብቀባት ቢያንስ እሱ ይከራከረኛል።

ብሩሹን ነከርኩ። ከሞተሯ በኩል ጀመርኩ። ካትራሜው ወፍራም ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ላሜራው ላይ ሲያልፍ ሁሉን እኩል ያደርጋል፤ የተፋቀውን፣ የተጣመመውን፣ አሮጌውንና አዲሱን። ሽታው የአባቴ ነው። እየቀባሁ በልቤ ከወንድሜ ጋር አወራለሁ።

ይሰነጠቃል፣ ይለኛል።

ሲሰነጠቅ እንደግመዋለን፣ እለዋለሁ።

የት እንደተሰነጠቀ በምን ታያለህ?

አንተ ታንኳኳታለህ። ቲን፣ ዱፍ።

እዚህ ላይ የሚስቅ ይመስለኛል።

ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ደረስኩ። የትናንቱ ስፌት እዚያ አለ። ብሩሹን በላዩ አሳለፍኩ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ጠብታዎቹ መጀመሪያ ጎልተው ታዩ፤ ሲደገም ጠፉ። ያኔ እሱ ከሞተ ስድስት ሰባት ሰዓት ሆኖታል። እኔ ግን በዚያ ሰዓት እንደዚያ ቅርቤ ሆኖ አያውቅም። ድምፁን እሰማለሁ። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ተቆጥቼ ነበር፤ ለምን ደበቁኝ ብዬ። አሁን አላውቅም። ከሌላው ሰው አንድ ቀን የበለጠ ወንድም ኖሮኛል፤ ያን ቀንም ስከራከረው ዋልኩ።

አሥር ሰዓት ሲሆን አራት የእድር ሰዎች መጡ። ጠዋት ለቅዳሴ የለበሱትን አላወለቁም፤ ነጭ ለብሰዋል።

«ግቢው ለነገ ይፈለጋል» አሉ ጋሼ። «መኪናዋን እናውጣት።»

«ገና ግማሿ ነው። ካትራሜው አልደረቀም።»

«ውጭ ትደርቃለች።»

«ለምንድን ነው የሚፈለገው?»

«እድሩ... ሰው ይሰበሰባል።»

ውሸት አልነበረም። ሰዎቹ መኪናዋን ከፍራሹ ላይ አንሥተው በአራት ጎማዋ አቆሟት፤ እንደሕፃን ነው የያዟት። ገፍተን ከበራፉ ውጭ አጥሩን አስጠግተን አቆምናት። የአንዱ ሰውዬ ነጠላ ካትራሜ ነክቶት ከትከሻው እስከ ወገቡ ጥቁር መስመር ወጣበት። «ይቅርታ፣ በናፍጣ ይለቃል» አልኩት። ነጠላውን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። «ግድ የለም ወንድሜ» አለና ራሴን ዳበሰኝ።

እናቴ ሲመሽ መጣች። «ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ብይ ብይ ሲሉኝ ዋሉ» አለች። በጊዜ ተኛን። እንቅልፌ ጥሩ ነበር።

*

ሰኞ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ጋቢ የለበሱ ወንዶች፣ ከኋላቸው ሴቶች። ከፊት ጋሼ ናቸው። ከኋላቸው ሐጂን አየሁ። ጋሼ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት የእሑድ ነገር ሁሉ ተራ በተራ መጣልኝ፤ የጣሳው ሲባጎ፣ ስልኬ፣ ነጠላው፣ «ሰሙ ይሻላል»።

«ልጄ» አሉ ጋሼ። ከዚያ ተናገሩ።

እናቴን አልጽፋትም። ድምፅዋን የሰማ ሰው ያውቃል።

የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ከታች ከመንገዱ ጀመረ። ሴቶቹ እናቴን ከበቧት። እኔን ሁለት ሰዎች በብብቴ ይዘው አስቀመጡኝ። ሲለቁኝ ተነሣሁ። የት እንደምሄድ አላውቅም ነበር፤ እግሬ ከበራፉ አወጣኝ። መኪናዋ እዚያ ቆማለች። ጣሪያዋ ላይ ጤዛ ወርዶበታል። በክብ ዓይኖቿ ቁልቁል መንገዱን ታያለች።

ኮብልስቶኑ ላይ በደረቴ ተኛሁና ከሥሯ አየሁ። ጨለማ ነው። ካትራሜው ብቻ ይሸታል። ያን ስፌት ነው የምፈልገው፤ እጁ ያረፈበትን ቦታ። እጄን ዘረጋሁ፤ የሚያጣብቅ ነገር ብቻ ነካሁ። ቅዳሜ ገና ሞቆ የነካሁትን ነገር እኔው ሸፍኜዋለሁ። ጠብቅ ብሎኝ ነበር።

ሰዎች እግሬን ይዘው ሊያወጡኝ መጡ። «በቃ ልጄ፣ ተነሥ፣ በቃ» ይላሉ። ራሱን ሊጎዳ ነው ብለው ፈርተዋል።

«ማየት ነው የምፈልገው» አልኩ። «ብየዳውን። ገልብጡልኝ።»

አልገባቸውም። ጋሼ ግን ገባቸው። ግቢው ውስጥ ድንኳን የሚተክሉትን ሰዎች ጠሩ።

«ተዉት እሱን፣ ኑ ወዲህ። ጎማዎቹንና ፍራሹን አምጡ። ይቺን መኪና አስተኙለት።»

«ጋሼ፣ አሁን? ሰው እየመጣ...»

«አስተኙለት አልኩ።»

የድንኳኑን እንጨት አስቀምጠው መጡ። ስድስት ወይ ሰባት ሰው። ከእነሱ ውስጥ ያ ነጠላው የቆሸሸው ነበር።  መኪናዋ እንደገና ቀስ ብላ ዘንበል አለች፤ ለአፍታ በሁለት ጎማዋ ቆመች፤ መንገዱ መሃል ፍራሹ ላይ ጋደም አለች። ለልቅሶ የሚመጣው ሰው እያለፋት ይገባል። አንዳንዱ ጉዳዩ ሳይገባው መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል።

ናፍጣና የወንድሜን ፎጣ አመጣሁ። ከመቀመጫው ሥር ጀመርኩ። ካትራሜው ገና ስላልደረቀ ይነሣል፤ ግን ይቀባል፣ ይመለሳል፣ ፎጣውን እያገላበጥኩ ደጋግሜ ጠረግሁ። አጠገቤ ሌላ እጅ መጣ። ጋሼ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ለሰው ሰጥተው፣ መሀረባቸውን ናፍጣ ውስጥ ነክረው በዚያኛው ጥግ ይጠርጋሉ። ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ አንድ ክንዳቸውን ጎማው ላይ አስደግፈዋል።

«ከላይ ወደታች» አሉኝ። «በክብ አይደለም።»

ከላይ ወደታች ጠረግሁ። መጀመሪያ አንድ ጠብታ ታየ፤ ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ ሙሉው ስፌት ብር መስሎ ወጣ። ጣቴን አስቀምጬ በዙሪያው አስኬድኩት። ቀዝቃዛ ነው። ታችኛው ጥግ ላይ ስጫነው፣ ከመጋጠሚያው ውስጥ ቀጭን ውሃ ወጥቶ በላሜራው ላይ ወረደ። ቅዳሜ ያጠብንበት ውሃ ነው። ቤት ውስጥ ሲያለቅሱ ይሰማል፤ እኔ ውሃውን ሳይ ቆየሁ። ጋሼም አዩት።

«አልደረቀም ነበር» አሉ።

«ነግሮኝ ነበር» አልኩ።

ሰሙ በጋዜጣው እንደተጠቀለለ ከሐጂ ጣሳ ጋር ግቢ ውስጥ ነበረ። ሄጄ አመጣሁት። ጋዜጣውን ከፈትኩ፤ ሰሙ ቢጫ ነው፣ የማር ሽታ አለው። ጋሼ «እሳት ላስነሣ?» ብለው ጠየቁኝ። ማንም ቢሆን በዚያ ሰዓት የጠየቅሁትን ሁሉ ያደርግልኝ ነበር።

«አይ» አልኩ። «መጀመሪያ ትድረቅ።»

ፀሐይ በአጥሩ ላይ እየወጣች ነበር። የመኪናዋ ሆድ ግን በጥላው ወገን ነው። ሰዎቹን እንደገና ለመንኳቸው። ፍራሹን ከጎማዎቹ ጋር ይዘው፣ ትንሽ ትንሽ እየጎተቱ፣ ፀሐይ ወደሚመጣበት አዞሩልኝ። ብርሃኑ ስፌቱ ላይ አረፈ። ሰሙን መልሼ ጠቀለልኩና ማንም እንዳይረግጠው ከኋላ ጎማዋ ሥር አኖርኩት። እጄን በናፍጣ ታጥቤ ከጋሼ ጋር ወደ ድንኳኑ ገባሁ።